ሐሙስ የሌላት አገር

መስከረም ሃያ ረቡዕ ነበር። በነጋታው ዓርብ ሆነ፤ ቀኑም መስከረም ሃያ ሁለት። በጎልባ አገር በዚያ ሳምንት ሐሙስ አልመጣም።

ሰዉ ነገሩን የተረዳው በየተራ ነው። ረቡዕ ማታ የታለበው ወተት ጠዋት ሲከፈት የሁለት ቀን እርጎ ሆኖ ተገኘ። ሥጋ ሻጩ ካራውን ስሎ ከወጣ በኋላ ረቡዕን የጾመው ሕዝብ በቀጥታ ዓርብን እየጾመ መሆኑን አይቶ ካራውን ወደ አፎቱ መለሰ፤ በሬው አንድ ሳምንት ተጨመረለት። የማርያም ማኅበር ተራ የደረሳት አንዲት ባልቴት ለአርባ ሁለት ሰው የሚበቃ ጠላ ጠምቃ ብትጠብቅ አንድም ሰው አልመጣም። ቄሱን ጠየቀቻቸው። ቄሱ መጽሐፋቸውን ገልጠው ካዩ በኋላ፣ “ማርያም ትናንት ነበረች፤ ትናንት ግን አልነበረም” አሏት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ጠላውን ለመቅመስ እንደሚመጡም ነገሯት።

አቶ አጥናፉ ወሬውን የሰሙት እግራቸውን ሲታጠቡ ነው። አልደነገጡም። “ይመለሳል፤ የትም አይሄድም” አሉና ሁለተኛውን እግራቸውን ዘረጉ።

ሐሙስ ለምን እንደጠፋ ግን ያውቁ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት፣ ማክሰኞ፣ አገራቸውን ከገበያ ማኅበሩ ያስወጡት እርሳቸው ናቸው።

ማኅበሩ የሰባት አገሮች የገበያ ማኅበር ነው። እያንዳንዱ አገር አንድ የገበያ ቀን አለው፤ ከሌላ አገር የመጣ ሰው በዚያ አገር በር የሚገባውም በዚያ ቀን ብቻ ነው። ሰኞ የአንዱ፣ ማክሰኞ የሌላው፣ እያለ ይሄዳል። ቅዳሜ የሰንበሌጥ ነው። ሐሙስ የጎልባ ነው። ጎልባዎች በሐሙስ ሲያጉረመርሙ ሰባ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሐሙስ ሰው ሥራው ላይ ነው፤ ወደ ገበያ የሚመጣው ጨው ሲያልቅበት ነው። ቅዳሜ ግን ሰው ሰፊ ልብ ይዞ ይወጣል፣ ያላሰበውንም ይገዛል። አቶ አጥናፉ ሁለቱን ገበያዎች ለአንድ ዓመት ቆጥረዋቸዋል። ሐሙስ በበሩ የሚገባው አህያ ሁለት መቶ ስድሳ፣ ቅዳሜ በሰንበሌጥ በር የሚገባው ስድስት መቶ አሥራ ሰባት ነው።

ስለዚህ ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። መውጣት የፈለገ ባቄላ፣ መቆየት የፈለገ ሽምብራ ወደ ጎተራው ጣለ። ሲቆጠር ባቄላው አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት፣ ሽምብራው አራት ሺህ ዘጠና ስድስት ሆነ። በአሥራ ስድስት ባቄላ መውጣት አሸነፈ። በሦስተኛው ቀን ግን የጎተራው ዘበኛ፣ ሲጠብቅ ርቦት ከሽምብራው አንድ እፍኝ ቆልቶ መብላቱን ተናዘዘ።

ከዚያ ወዲህ በጎልባ ሰላም አልነበረም። የመቆየት ወገን መሪ የአቶ አጥናፉ ሚስት ወንድም ጫኔ ነበር፤ ኮርቻ ሰፊ ነው፣ ምላሱም እንደ ወስፌው ነው። ጫኔ በራሱ እፍኝ ሽምብራ ሰፍሮ በሸንጎ ፊት ቆጠረ። መቶ አርባ ሦስት ወጣ።

“እንግዲህ በአንድ እፍኝ ቆሎ ከማኅበር ወጣን!” አለ። “ለነገሩ ቆሎው ጥሩ ነበር ይላል ዘበኛው። ጨው ብቻ አነሰው አሉ።”

የመውጣት ወገን ደግሞ የዘበኛው እጅ ትንሽ መሆኑን ተናገረ። ዘበኛው ተጠርቶ እጁ ተለካ። የእጁ ጉዳይ ሁለት ቀን ፈጅቶ ሳይቋጭ ቀረ።

አቶ አጥናፉ ለድርድር የተመረጡት ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ሰው ስለሆኑ ነው። በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ቆዳ በጀርባቸው ተሸክመው ጀምረው የአራት መጋዘን ባለቤት የሆኑት በአንድ ዘዴ ነው። ዋጋ ሲነገራቸው “አልፈልግም” ብለው ጀርባቸውን ይሰጣሉ፤ ይሄዳሉ። እየሄዱም ድምፃቸውን አውጥተው እርምጃቸውን ይቆጥራሉ፤ ሻጩ ሲሰማ ልቡ ይርዳል። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ከሃያ ሦስተኛው እርምጃ አልፎ ያስኬዳቸው ነጋዴ የለም። “ኑ እሺ፣ ይውሰዱት!” ይላቸዋል። ሕጉ በሰባቱም አገር አንድ ነው፦ መጀመሪያ የዞረ ተሸነፈ።

ድንኳኑ የተተከለው ድንበሮቹ በሚገናኙበት ጉብታ ላይ ነበር። ስድስቱ አገሮች ስድስት ሰው ልከዋል፤ የሚናገሩላቸው ግን የሰንበሌጧ ወይዘሮ አመለወርቅ ነበሩ። አቶ አጥናፉ ሐሙስን ሰጥተው ቅዳሜን ጠየቁ። ወይዘሮ አመለወርቅ ቅዳሜ ከአያታቸው የወረሱት መሆኑን ገለጹ።

“እንግዲያው ጎልባ ወጥታለች” አሉ አቶ አጥናፉ፤ ጀርባቸውንም ሰጡ።

ሃያ ቆጠሩ። ሃያ ሦስት ቆጠሩ። አርባ ቆጠሩ። በቅሏቸው ጋ ሲደርሱ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነበር። አልዞሩም።

የሐሙስ መጥፋት በቤታቸው የገባው በዚያው ዓርብ ነው። ሚስታቸው ወይዘሮ ታንጉት ደጃፉ ላይ ቆማ መንገዱን ታይ ነበር።

“እንጉዳይ ትናንት ነበር የምትመጣው” አለች።

“ትናንት ረቡዕ ነበር።”

“እሱን አይደል የምልዎ።”

እንጉዳይ አንድ ልጃቸው ናት። ሰንበሌጥ አግብታ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ ይህ በሰባቱም አገር የጸና ነው። ባሏ ሐሙስ ገበያ ላይ አምጥቶ ሊያስረክባቸው ተቃጥሯል። አልጋው ተዘርግቷል፤ የገንፎው እህል ተፈጭቷል፤ ቅቤው ተነጥሮ በቅል ተቀምጧል።

“ሳምንት ሳይሞላ ይጠሩናል” አሉ አቶ አጥናፉ። “ስድስት ቀን ይዘው የት ይደርሳሉ? እነሱም ሳምንታቸው ጎደለ።”

“የነሱ ሙሉ ነው። ሐሙሱ ወደነሱ ቀረ እንጂ መች ጠፋ?”

በማግስቱ ቅዳሜ ታንጉት የገንፎውን እህልና ቅቤውን ይዛ ሰንበሌጥ በር ድረስ ሄደች። በረኛው ትሑት ሰው ነበር። “እማማ፣ ሐሙስ የሌላት አገር ሰው ቅዳሜ አይገባም” አላት። “ሐሙስዎን ይዘው ይምጡ፤ በሩ የርስዎ ነው።” ቅቤውን እንዲያደርስላት ለመነችው። እሱም፣ ከማኅበር የወጣ አገር ቅቤም እንዲሁ መሆኑን ነገራት።

በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ነግቶ መሸ፤ ከዚያ ዓርብ ሆነ።

የመውጣት ወገን ሰዎች መጀመሪያ አልተከፉም። ወፍጮ ቤት ያለው ወፍራሙ ሰውዬ በሸንጎ ተነሥቶ ጥቅሙን ዘረዘረ። በሳምንት አንድ ምሳ ይተርፋል። ክረምቱ በፍጥነት ያልፋል። ወር ቶሎ ይደርሳል። “ከሁሉ በላይ ደግሞ የራሳችን ጌታ ሆንን፤ ማንም ሐሙስ ብሎ አያዘንም” አለ።

“አዎ፣ ባለወፍጮ” አለ ጫኔ፤ “አንተም በቶሎ ታረጃለህ። በዓመት ሃምሳ ሁለት ቀን ቀድመህ ትቀበራለህ። ባይሆን ቀብርህ ሐሙስ እንዳይሆን ተጠንቀቅ፤ ሳንቀብርህ እናድራለን።”

ሸንጎው ሳቀ፤ ባለወፍጮው ግን አልሳቀም። በዚያ ሳምንት የጫኔን እህል አልፈጭም አለ። ጫኔም የባለወፍጮውን ኮርቻ ግማሽ ሰፍቶ ተወው። እድሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ድንኳኑ ለአንዱ፣ ብረት ድስቶቹ ለሌላው ደረሱ። በሁለቱም ወገን የሞተ ሰው ስላልነበረ ጉዳቱ ገና አልታወቀም። አንድ ቀልጣፋ ወጣት የዓርብ ግማሹ ሐሙስ ተብሎ እንዲታወጅ ሐሳብ አቀረበ። ታወጀ። በዚያ ዓርብ እስከ ቀትር ሰዉ ገበያ ወጥቶ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ከበሩ ወዲያ ባዶ መንገድ ነበር። ቀትር ላይ ሐሙስነቱ አበቃና ሰዉ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ከዚህ ሌላ የሆነው ነገር መቀመጥ አለመቻል ነው። ረቡዕ ከቀትር በኋላ የጎልባ ሰው ሁሉ እግሩን ይበላው ጀመር። ሰው ከቤት ይወጣል፣ እስከ አጥሩ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሴቶች ያልተፈታ ይፈታሉ፤ የተፈታውን መልሰው ያስራሉ። አቶ አጥናፉ አንድ ረቡዕ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ፊት ለፊታቸው የሚመላለሰውን ጎረቤታቸውን ቆጠሩት። በአንድ ሰዓት ውስጥ መቶ ዘጠኝ ጊዜ አለፈ። ሲቆጥሩት እርሳቸውም ቆመው እየተራመዱ እንደነበር የተገነዘቡት ታንጉት ስትነግራቸው ነው። ሲራመዱም ፊታቸውን ወደ ጉብታው አላዞሩም፤ ድርድሩን ትተው ከመጡ ጀምሮ ጉብታው ባለበት በኩል ዞረው አያውቁም።

ሐሙስ የቀረው ለሰው ብቻ ነበር። አህዮቹ አላጡትም። ረቡዕ ማታ በረት የገቡ አህዮች ዓርብ ጠዋት ላብ በላብ ሆነው ይገኛሉ፤ ኮቴያቸው ላይ የገበያው በር ቀይ አፈር ይለጠፋል። ሰባ ዓመት ሐሙስ የለመዱ አህዮች በልማዳቸው ገበያ ደርሰው ይመለሱ ነበር።

ይህን መጀመሪያ ያስተዋለችው ታንጉት ናት። በመጀመሪያው ዓርብ የአህያዋ አንገት ላይ ጥለት ያለው ቅዳጅ ጨርቅ ታስሮ አገኘች። ከነጠላ የተቀደደ ነው። ጥለቱን ራሷ ለሠርግ የመረጠችው ስለሆነ አወቀችው። አንድ ቋጠሮ ነበረው። በሁለተኛው ዓርብ ሁለት ቋጠሮ መጣ። በሦስተኛው ሦስት።

“በሩ ድረስ ትመጣለች” አለች። “ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች። እኛ የለንም፤ ትመለሳለች። በዚያ ሆድ የግማሽ ቀን መንገድ ሄዶ መመለስ!”

አቶ አጥናፉ ሦስቱን ቅዳጆች ጉልበታቸው ላይ ደርድረው አዩ። “አሁን ብንዞር ሁሉን እናጣለን” አሉ። “አንድ ሳምንት። ሳይጠሩን አይቀሩም። ሻጭ ዝም ሲል ሊጠራ ሲል ነው።”

ታንጉት ሦስቱን ቅዳጆች ከጉልበታቸው ላይ ሰበሰበች።

በአራተኛው ሳምንት ሚካኤል ሐሙስ ላይ ዋለ፤ ስለዚህ ሚካኤልም አልነበረም። በማግስቱ፣ ጥቅምት አሥራ ሦስት ዓርብ ጠዋት፣ አህያዋ ባዶ አንገቷን ተገኘች። ኮቴዋ ላይ ቀይ አፈር አለ። ጨርቅ የለም። ታንጉት ጋማዋን ገለጠች፣ በሆዷ ሥር አየች፣ በረቱን ጠረገች። ከዚያ ገብታ ባሏ ፊት ቆመች።

“ሦስት ጊዜ መጥታ ተመልሳለች” አለች። “አሁን አልመጣችም። ይህንንም ይቁጠሩት።”

አቶ አጥናፉ በዚያው ቀን ወደ ሸንጎው ሄደው ለመዞር ፈቃድ ጠየቁ።

ሸንጎው ሦስት ሳምንት ተኩል ተከራከረ። የመውጣት ወገን፣ አንድ ሰው ሲዞር አገር ዞረች ማለት ነው አለ። የመቆየት ወገን፣ አገር የምትዞረው ማን ጀርባዋን አይቶ ነው አለ። ፈቃድ መጠየቁ ራሱ መዞር ነው ወይስ አይደለም የሚለው ብቻ አራት ቀን ወሰደ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት አህዮች ሐሙስ እየሄዱ መሆናቸው ለሸንጎው ተነገረው። አህያ ሳይወጣ አገር ወጣ ማለት እንደማይቻል ተወስኖ፣ ረቡዕ ማታ ሁሉም አህያ በአራት እግሩ እንዲታሰር ታዘዘ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ጠዋት በጎልባ ላብ ያለበት አህያ አልተገኘም፤ ከበሩ ማዶም ምንም ወሬ አልመጣም።

“ልጅቱ የኔም ናት” አለ ጫኔ በመጨረሻው ቀን፤ ይህን ሲል አልቀለደም። “በእቅፌ አሳድጌያታለሁ። ባለወፍጮ፣ አንተም ክርስትናዋ ላይ ጠጥተህ ወድቀሃል። ሰውዬው ይሂድ በሉ።”

ባለወፍጮው ለረጅም ጊዜ እጆቹን ሲያይ ቆየ። “ይሂዱ” አለ። “ግን አይዙሩ።”

በዚህ ተስማሙ። ስለዚህ ኅዳር ስምንት ማክሰኞ አቶ አጥናፉ ከበቅሏቸው ወርደው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ የኋሊት ሄዱ። ጫኔ ጋቢያቸውን ከኋላ ይዞ እንደ ዕውር መራቸው።

“ድንጋይ አለ ጋሽ አጥናፉ፣ እግርዎን ያንሡ። እሰይ። እንዲህ ነው እንጂ፣ የኋሊት መሄድ እንደርስዎ የሚችል የለም። አሁን ደግሞ ጉድጓድ።”

“ዝም በል፣ ስንት እንደደረስኩ ታስረሳኛለህ።”

ድንኳኑ አለ። ስድስቱ ሰዎች እንደ ነበሩ ተቀምጠዋል፤ የአቶ አጥናፉ በርጩማ ባዶ ነው። ጀርባቸውን እንደሰጡ ተቀመጡበት። ወይዘሮ አመለወርቅ በዚህ አልተገረሙም።

“እንደምን ሰነበቱ” አሏቸው ለጀርባቸው።

“አልጠራችሁኝም” አሉ አቶ አጥናፉ።

“ጠርተንዎታል። በሃያኛው እርምጃ ላይ ተነሥቼ፣ ‘ኑ እሺ፣ የቅዳሜን ግማሽ ይውሰዱ’ አልኩ። በሃያ ሁለተኛውም ጮህኩ። እነዚህ አምስቱም ጮሁ። እርስዎ ድምፅዎን አውጥተው እየቆጠሩ ነበር።”

ጫኔ አፉን በእጁ ሸፈነ። አቶ አጥናፉ ከተማሩት ሁሉ ይህን አንድ ነገር አልተማሩም ነበር፤ በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ የተጠሩት ሁሉ ነጋዴዎቹ ከቁጥራቸው በላይ ስለጮሁላቸው ነው።

“ያ ዋጋ አሁን አለ?” ብለው ጠየቁ።

“የለም።”

“ሐሙስስ?”

“ሐሙስ አለ። ቅዳሜን እስከ ልጅ ልጅ ላለመጠየቅ ከፈረሙ ሐሙስን እንመልሳለን። ግን ፊቱን ላላየሁት ሰው ቀን አልሰጥም።”

ከድንኳኑ ውጭ ነፋስ ነበር። ጉብታው ሥር የመውጣት ወገን የላካቸው አራት ታዛቢዎች ቆመው ያዩ ነበር። አቶ አጥናፉ እነሱን ፊት ለፊት ያዩዋቸዋል፤ ባለወፍጮውንም ለይተው አወቁት። ፊታቸውን ካዞሩ በሸንጎው ውስጥ በርጩማ እንደማይኖራቸው፣ በገበያም ማንም ነጋዴ ጀርባቸውን አይቶ ከእንግዲህ እንደማይርድ አሰቡ። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ አሰቡት። ከዚያ ዞሩ።

ሰባት ሳምንት ሙሉ ይህን ሲለምን የነበረው ጫኔ መሬት መሬቱን አየ።

“አንድ ነገር ላስታውስዎ” አሉ ወይዘሮ አመለወርቅ ወረቀቱን እያቀረቡ። “ሰባት ሐሙስ ተጠራቅሟል። ለየብቻ የምናኖርበት ቦታ የለንም። የሚነሡት በአንድ ላይ ነው፣ በመጪው ሐሙስ ቦታ።”

አቶ አጥናፉ በዕድሜያቸው ምርቃት እምቢ ብለው አያውቁም። “ሁሉንም እንወስዳለን” አሉና ፈረሙ።

ኅዳር ዘጠኝ ረቡዕ ነበር። በነጋታው ሐሙስ ሆነ። የመውጣት ወገን ሰዎች ዓርብ ነው ብለው ቤታቸውን ዘግተው ጾሙ። የቀረው ሕዝብ ገና ፀሐይ ሳትወጣ በሩ ላይ ተሰበሰበ።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የገባው አንድ የሰንበሌጥ ማር ሻጭ ነበር። ሁለተኛ የገባውም እሱው ነው። ሦስተኛም። ሐሙስ ሐሙስ ወደ በሩ የመጣና የተመለሰ ሰው ሁሉ በመጣው ልክ ገባ። ማር ሻጩ ሰባት ሆኖ ገብቶ በለመደው ቦታ ላይ ሰባቱም እርስ በርስ ተጣሉ። “ይህ የኔ ቦታ ነው” ይላል አንዱ። “ያንተማ ነው፣ የኔም ነው” ይላል ሌላው። ዳኛ ተጠርቶ ማን ቀድሞ እንደመጣ ጠየቀ፤ የመጀመሪያው ሐሙስ ሰው ቦታውን አገኘ፣ ስድስቱ እየተነጫነጩ ፀሐይ ላይ ዘረጉ። የጎልባ ሰው ግን ሐሙስ ስላልነበረው ሁሉም አንድ አንድ ብቻ ነበር።

አቶ አጥናፉና ታንጉት ከበሩ በስተቀኝ ቆመዋል።

አራት ሰዓት ላይ እንጉዳይ መጣች። ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋለች፤ ነጠላዋ ከጫፉ ትንሽ ተቀድዷል። እናቷ አቅፋት አለቀሰች።

“በሩን አጣሁት አባዬ” አለች እንጉዳይ። “መጥቼ ባየው ግንብ ብቻ ነው። አህያችንን አግኝቼ ጨርቅ አሰርኩላት።”

ከኋላዋ እንጉዳይ መጣች። ሆዷ ከመጀመሪያይቱ ገፋ ያለ ነው፤ ነጠላዋ በሁለት በኩል ተቀድዷል። ከኋላዋ ሦስተኛይቱ በባሏ ትከሻ ተደግፋ እያቃሰተች ገባች። ታንጉት ለሦስቱም ውሃ ሰጠች። ሦስቱም “እግዜር ይስጥልኝ እማዬ” አሉ።

ከዚያ መንገዱ ለአንድ አፍታ ባዶ ሆነ። ቀጥላ የመጣችው እንጉዳይ ሆድ አልነበራትም። ልጅ አዝላለች። ከኋላዋ የመጣችውም አዝላለች፤ ልጁ በአንድ ሳምንት ተልቋል። ከእርሷ ኋላ የመጣችውም።

ታንጉት ሦስቱን ሕፃናት አንድ በአንድ ገልጣ አየቻቸው። አንድ ልጅ ነበሩ።

አቶ አጥናፉ በጣታቸው ቆጠሩ። ሦስት ያረገዙ፣ ሦስት ያዘሉ። ስድስት። ደግመው ቆጠሩ። የጠፋው ሐሙስ ሰባት ነው። የአራተኛው ሐሙስ፣ የሚካኤል ቀን ልጃቸው፣ የለችም።

“የት ወለድሽ?” ብለው የመጀመሪያዋን ባለልጅ ጠየቋት።

እንጉዳይ አሰበች። “መንገድ ላይ ይመስለኛል አባዬ። በማግስቱ ልጁን ይዤው ነበር።”

“ማን ያዘሽ? ማን ነበር?”

“ሰው እንደነበረ አውቃለሁ። ከበውኝ ነበር። ፊታቸውን አላየሁም።”

ባሏ ተጠየቀ፤ ከሦስተኛይቱ ጋር የመጣ የሦስተኛው ሐሙስ ሰው ስለሆነ፣ አራተኛውን ገና እንዳላየው ተናገረ። ጫኔ መንገዱን እስከ ወንዙ ወርዶ አይቶ ተመለሰ። ማንም የለም። ገበያው መፍታት ጀመረ፤ ሰባቱ ማር ሻጮች ተራ በተራ ወጡ። ፀሐይ ወደ በሩ በኩል ዘቀዘቀች። በሩ የሚዘጋው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው።

ያን ጊዜ ስድስቱ እንጉዳዮች ማንም ሳይነግራቸው ተነሡ። ያረገዙት ሦስቱ ሆዳቸውን ይዘው፣ ያዘሉት ሦስቱ አንቀልባቸውን አጥብቀው፣ በበሩ አፍ መንገዱ መካከል ክብ ሠርተው ቆሙ። ነጠላቸውን አወረዱና ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው ጋረዱ። መንገድ ላይ ምጥ የያዛት ሴት ስትገኝ ሴቶች እንዲህ ያደርጋሉ።

“መካከላችሁ ማን አለ?” አለች ታንጉት።

“ገና ማንም የለም፣ እማዬ” አለች የመጀመሪያዋ።

ምጥ ወንድ አያይም። በገበያው የቀሩት ወንዶች ሁሉ ጀርባቸውን ሰጡ፤ ጫኔም፣ የጎልባው በረኛም። አቶ አጥናፉም ዞሩ። ፀሐይዋ ከኋላቸው ነበረች። የስድስቱ ሴቶች ጥላ ረዝሞ፣ አልፏቸው፣ ፊት ለፊታቸው ባለው ቀይ አፈር ላይ ወድቋል። ስድስት ጥላ በክብ ቆሟል። በክቡ መካከል ሰባተኛ ጥላ ተንበርክኳል።

ከኋላቸው ድምፅ አልነበረም። ሦስቱ ሕፃናት እንኳ ዝም ብለዋል። የተንበረከከው ጥላ ሁለት ጊዜ ጎበጠ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ከክቡም ወጣና እጆቹን ወደ አቶ አጥናፉ ዘረጋ፤ ጫማቸውም ላይ አንድ ትንሽ ጥላ አስቀመጠ።

ትንሹ ጥላ እግሮቹን ያወራጭ ነበር።